የጀልባ መሪ ሲከብድ

በቂርቆስና በካዛንቺስ ላደግን ሰዎች ጀልባ ባዕድ ነገር ነው። በጣናና በዝዋይ (ደምበል) ሐይቅ ለሚሠሩ ግን እግራቸው ነው። ከቱሉ ጉዶ ደሴት በሽተኛ ይዞ የሚሻገር አሮጌ ጀልባ መሪው አልዞር ቢል፣ ከሰዓት በኋላም ነፋስ ቢነሣ፣ አደጋው ቀላል አይደለም።

በመጀመሪያ ሞተሩን አጥፉና ኬብሉን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ፍቱ። ከዚያም ሞተሩን በእጃችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሩት። ከከበደ፣ የሚዞርበት ምሰሶ ግሪስ ደርቋል ማለት ነው፤ አሮጌው ተገፍቶ እስኪወጣ ድረስ ሞተሩን እያወዛወዛችሁ አዲስ ግሪስ ሙሉበት። በእጅ መያዣ የሚመራ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ማጥበቂያውን ብሎን እዩ። አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ እሱ ብቻ ነው።

ሞተሩ በቀላሉ ከዞረ ችግሩ በኬብሉ ወይም ዘንጉ በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦውን በላምባ አጥባችሁ ዝገቱን አውጡ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ዘንጉ ወደ ውጭ ወጥቶ ሳለ ግሪስ ይሞላሉ። ግሪሱ ቱቦው ውስጥ ይታጨቅና ዘንጉ ሲመለስ መንገድ ይዘጋበታል። ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ገብቶ ሳለ ይሞላ።

ውስጡ የዛገ ኬብል በዘይት አይድንም፤ ይለወጥ። አዲሱን ከአዲስ አበባ ስታዝዙ የአሮጌውን ርዝመት ለክታችሁ ላኩ፤ ካጠረ አይደርስም፣ ከረዘመም ይጣመማል።