የመንግሥት ድጎማና የመንደር ውሃ

ስለ አየር ንብረት መለወጥ በየትምህርት ቤቱ ብዙ ይነገራል፤ ለዚሁ ስለሚመደበውም ገንዘብ በየጊዜው እንሰማለን። ነገር ግን ያ ገንዘብ ከዋና ከተማ ተነሥቶ እስከ አንዲት ቀበሌ ድረስ እንዴት እንደሚጓዝ፤ ከደረሰም በኋላ በምን ላይ እንደሚውል የሚቈርጠው ማን እንደ ሆነ ብዙዎቻችን አናውቅም። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን የዚህን ነገር አሠራር በተቻለኝ መጠን ለመግለጽ አስቤአለሁ። ውድ አንባቢያን፤ ነገሩ የሒሳብ ሹሞች ጉዳይ ብቻ መስሎ አይታያችሁ፤ እኅቶቻችን ውሃ ለመቅዳት በቀን ስንት ሰዓት ይሄዳሉ ከሚለው ጥያቄ ላይ የሚያርፍ ነውና። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኛ አቈጣጠር ነው።

ድጎማ ከብድር የሚለየው ተቀባዩ የማይመልሰው በመሆኑ ነው። መንግሥት እንዲህ ያለውን ገንዘብ መስጠቱ ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ነጋዴ ወፍጮ ቢተክል ትርፉን ራሱ ያገኛል፤ እርከን ቢሠራ ወይም ኩሬ ቢቈፍር ግን ጥቅሙ ለመንደሩ ሁሉ ስለሚከፋፈል ለብቻው የሚደክምበት ሰው አይገኝም። ይሁንና ቀበሌው የማይመልሰውን ገንዘብ አገሪቱ ልትመልሰው ትችላለች። ለምሳሌ የዓለም ባንክ በ2014 ዓ.ም. ለኬንያ መንደሮች የአየር ንብረት ሥራ የሚውል 150 ሚሊዮን ዶላር የፈቀደው በብድር ነው። ገንዘቡ ለመንደሩ ድጎማ፤ ለአገሪቱ ግን ዕዳ ነው ማለት ነው።

ኬንያን ካነሣሁ ዘንድ ጥቂት ልቈይባት፤ ማን ይወስናል ለሚለው ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ የሚገኘው ከእርሷ ነውና። ኬንያ በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ባጸናችው ሕገ መንግሥት ካውንቲ የሚባሉ 47 ግዛቶች ተቋቋሙ። ከዚህም ጋር ተያይዞ በሰሜን በምትገኘው በኢሲዮሎ አንድ አዲስ አሠራር ተሞከረ። የመሞከሪያው ገንዘብ የመጣው ከእንግሊዝ መንግሥት ርዳታ ሲሆን፤ የሚከፋፈልበት ደንብ እንዲህ ነበር። ከ100 ሽልንግ 70ው ዋርድ ለሚባሉት ለታችኞቹ ቀበሌዎች፤ 20ው ካውንቲው በጠቅላላ ለሚያሠራው ሥራ፤ ለጽሕፈት ቤት ወጪ ግን ከ10 የማይበልጥ። በየዋርዱ ሕዝቡ የመረጠው ኮሚቴ ዕቅዱን ያወጣል። የካውንቲው ኮሚቴ ዕቅዱን መርምሮ እንዲሻሻል ሊመክር ይችላል፤ መስፈርቱን ያሟላውን ዕቅድ ግን አልወደድሁትም ብሎ ሊጥለው አይችልም። በእኔ አስተያየት የደንቡ ሁሉ ጅማት ይህች የመጨረሻዪቱ ናት።

አሁን ደግሞ ሕዝቡ ምን እንደ መረጠ እንመልከት። በኢሲዮሎ ከሚኖሩት መካከል በቋንቋም በትውልድም ከኛ አገር ቦረናዎች ጋር አንድ የሆኑ ቦረናዎች ይገኛሉ። እነርሱም ዴዳ የሚባል የሽማግሎች ሸንጎ አላቸው፤ ግጦሹን በሦስት ይከፍለዋል። አንዱ ለዝናብ ወራት፤ ሁለተኛው ለበጋ፤ ሦስተኛው ለክፉ ቀን ተከልሎ የሚቈይ ለድርቅ ብቻ የሚከፈት ነው። እንግዲህ ከሩቅ የመጣ ደግ ሰው ይህን ደረቅ አገር ቢያይ በመጀመሪያ የሚያስበው ጥልቅ ጉድጓድ ማስቈፈር ነው። ነገር ግን በተከለለው ግጦሽ መካከል ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ውሃ ከተገኘ መንጋው እዚያው ይሰፍራል፤ ሣሩም ድርቁ ከመምጣቱ በፊት ያልቃል። ከብት የሚያልቀው በጥም ብቻ አይደለም፤ ውሃ ዳር ቆሞ በራብም ይሞታል። ስለዚህ ከቀረቡት ዕቅዶች መካከል የነበሩት ሥራዎች፤ ያሉትን የውሃ ቦታዎች ማደስ፤ ኩሬዎችን ማጠር፤ የከብት በሽታ መመርመሪያ ቤት መጠገን፤ የሸንጎው ሽማግሎችም ግጦሹን እየዞሩ እንዲጠብቁ መርዳት ነበሩ። ለሽማግሎች መጓጓዣ ገንዘብ መስጠት በጋዜጣ ፎቶግራፍ አያስነሣም፤ ሪባንም አይቈረጥበትም። በዋና ከተማ የተቀመጠ መሐንዲስም፤ ምንም ያህል የተማረ ቢሆን፤ ይህን ከመጽሐፍ ሊያገኘው አይችልም።

ይህን ማለቴ የጉድጓድ ውሃ አያስፈልግም ለማለት አይደለም። ሰው በሰፈረበት ቀበሌ ከሁሉ የሚቀድመው እርሱ ነው፤ ንጹሕ ኃይል የሚባለውም ነገር ለመንደር የሚጠቅመው በተለይ በዚህ ነው። በፊዚክስ ክፍል የተማርነውን ይዘን እናስላ። 1 ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ከ50 ሜትር ጥልቀት ለማውጣት 1,000 በ9.8፤ እንደ ገና በ50 ሲባዛ 490,000 ጁል ያስፈልጋል። ለ20 ሜትር ኩብ፤ ይኸውም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 1,000 ለመሙላት፤ ወደ 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። በመሳቢያውና በቧንቧው ግማሹ ይባክናል ብንል እንኳ 5.4 ነው። ፀሐይ በደንብ በምትበራበት አገር 1 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል ያላቸው ጥቂት የሶላር ሰሌዳዎች ይህን በአንድ ቀን ይሠሩታል። ባትሪም አያስፈልግም፤ ቀን የተሳበው ውሃ ከፍ ባለ ማማ ላይ በተቀመጠ ሮቶ ስለሚጠራቀም ማታና ጧት በራሱ ክብደት ወደ ቦኖው ይወርዳል። በናፍጣ የሚሠራው ሞተር ግን ናፍጣ ከከተማ ካልመጣለት ይቆማል፤ ናፍጣም በሚወደድበት ወር ውሃው አብሮ ይወደዳል። እርግጥ ፀሐይ በነጻ በመሆኗ ያለ ልክ መሳብም ስለሚመጣ፤ የጉድጓዱ ውሃ እንዳይሸሽ በየጊዜው ከፍታውን መለካት ይገባል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፤ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት የምግብ ዋስትና የሌላቸው ቤተ ሰቦች እርከን፤ ኩሬና መንገድ እየሠሩ እህል ወይም ገንዘብ የሚያገኙበት፤ መሥራት ለማይችሉት ደግሞ ያለ ሥራ የሚሰጥበት ነው። ከዚያም በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ አረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ የሚባለው የዓለም ድርጅት ለኢትዮጵያ 45 ሚሊዮን ዶላር በድጎማ ፈቀደ፤ መንግሥታችንም 5 ሚሊዮን ጨመረበት። የተመደበውም በ22 ወረዳዎች በሶላር ለሚሠራ የውሃ መሳቢያ፤ ለአነስተኛ መስኖና የተራቈተው መሬት እንዲያገግም ለማድረግ ነው። በእኩል ብናካፍለው ለአንድ ወረዳ ከ2 ሚሊዮን ዶላር ጥቂት ይበልጣል። ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ወረዳው ግን ብዙ ቀበሌዎች እንዳሉት ሲታሰብ ብዙም አይደለም።

የሁሉም ድጎማ ደካማ ጎኑ፤ ለመትከያ የሚሰጥ እንጂ ለመጠገኛ የማይሰጥ መሆኑ ነው። አያቴ በሚኖሩበት መንደር የተተከለ የሶላር መሳቢያ አንድ ዓመት ካገለገለ በኋላ ቆመ። ሰሌዳዎቹ ደኅና ናቸው፤ ጉድጓድ ውስጥ ያለውም መሳቢያ ደኅና ነው፤ የተቃጠለው በመካከላቸው ያለችው ከሣጥን የማትበልጥ መቆጣጠሪያ ናት። መለዋወጫዋ የሚሸጠው አዲስ አበባ ሲሆን፤ ኮሚቴው አንድ ብር እንኳ ተቀማጭ አልነበረውም። ሰባት ወር ሙሉ ሴቶቹ ወደ ወንዙ ሲመላለሱ፤ ዶሮዎችም በሰሌዳዎቹ ጥላ ሥር ሲያርፉ ከረሙ። በኋላ እያንዳንዱ ቤት አዋጥቶ ዕቃው ተገዛ።

እስቲ ከላይ ያሰላነውን እንውሰድና ለአንድ ጀሪካን 50 ሳንቲም ቢከፈል፤ ለ1,000 ጀሪካን በቀን 500 ብር፤ በወር 15,000 ብር ይሆናል። ግማሹ እንኳ ቢሸጥ ለዘበኛው ተከፍሎ ለባንክ የሚተርፍ ይገኛል። በአያቴ መንደር ከመስከረም ጀምሮ እንዲህ እየተከፈለ ነው፤ መዝገቡን የያዘችውም 8ኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ስትሆን፤ ማታ ማታ ገቢውን ቦኖው አጠገብ ቆማ ለሚፈልግ ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች።