ከንፈሬን የሳመኝ ኮረንቲ

የመጀመሪያ መሳም አይረሳም ይባላል አይደል? እኔ ግን እስከ ዕለተ ሞቴ የማልረሳው ሌላውን ነው። የሳመኝ ኮረንቲ ነው! ቦታው ኮልፌ ቀራንዮ፣ 18 ማዞሪያ አካባቢ፣ ባንዳችን የሚለማመድባት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል። ለመሳሙ ያበቃኝም ሌላ ማንም ሳይሆን የገዛ እጄ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከፒክአፕ ነው። ፒክአፕ ስላችሁ ዕቃ የሚጭነው መኪና እንዳይመስላችሁ። (እናቴ «ፒክአፕ ልቀይር ነው» ስላት «መቼ ገዝተህ ነው የምትቀይረው?» ብላ አፍጥጣብኛለች።) የኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች ሥር የሚቀመጥ፣ ማግኔት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺህ የሚቆጠር ዙር የተጠመጠመበት ዕቃ ነው። የብረቱ ክር ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ትንሽዬ ኮረንቲ ይፈጠራል፤ አምፕሊፋየሩ እሷን አጉልቶ ያሰማናል።

የእኔ ጊታር አሮጌ ነው። የአይቤክስና የሮሃ ባንዱን ሰላም ስዩምን እየሰማ ላደገ ሰው የጊታሬ ድምጽ ቅስም ይሰብር ነበር። እናም ከውጭ የመጣ ዘመድ ዲማርዚዮ የሚባለውን ፒክአፕ አመጣልኝ። ሬድዮ ከሚጠግን ጎረቤታችን ካውያ ተዋስኩ፣ የሽቦ አያያዝ የሚያሳይ ሥዕል ፈልጌ አገኘሁ፣ በየድኩ፣ ገጠምኩ። ሰካሁት።

እዝዝዝዝዝዝ…!

እናንተዬ፣ ጊታሩ ሳይሆን ወፍጮ ቤት ነው የመሰለኝ!

እዚህ ላይ ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። በግድግዳችን ውስጥ የሚሄደው 220 ቮልት ኮረንቲ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ጥቅል ሽቦ ደግሞ የክሩን ድምጽ ከዚህ ምልልስ ለይቶ አያውቅም፤ ያገኘውን ሁሉ ይለቅማል። ጊብሰን ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሴዝ ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 መላ ዘየደ። ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን አደረገ፤ የአንዱን ማግኔትም ጥምጥምም ከሌላው ገለበጠ። የክሩ ድምጽ ከሁለቱ ሲወጣ ይደመራል፣ ከውጭ የገባው ረብሻ ግን እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሀምበከር የሚባለው ይሄ ነው። የእኔም አዲስ ፒክአፕ ሀምበከር ነበር። ታዲያ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?

ሰፈር ውስጥ ሐኪም አይጠፋም። አንዱ «ፎርጅድ ነው፣ ተሸውደሃል» አለኝ። ሌላው ከጀርባችን ያለውን ብየዳ ቤት ወቀሰ። (ይሄ እንኳን ትንሽ እውነት አለው፤ ብየዳው በተጀመረ ቁጥር ጊታሬ ውስጥም ጭጭጭ ይላል።) ሦስተኛው ግን «ባለሙያ» ነው። በሰርግ ቤት ሳውንድ ሲያስር የኖረ። የአምፕሊፋየሬን ገመድ ሶኬት አነሳና ጎንና ጎኑ ላይ ያሉትን የብረት ልሳኖች አሳየኝ። ኧርዝ የሚባለው፣ የመሬቱ መስመር የሚገናኝበት ማለት ነው። «ጩኸቱን የሚያመጣው ይሄ ነው፤ በፕላስተር ጠቅልለው» አለኝ።

ጠቀለልኩት። ጩኸቱም ቀነስ አለ! ሚክሰሩ በአንድ ሶኬት፣ አምፕሊፋየሩ በሌላ ሶኬት በየራሳቸው ኧርዝ ሲያገኙና በኬብል ሲያያዙ አንድ ቀለበት ይሠራሉ፤ ቀለበቱ ራሱ ያጉረመርማል። እሱን ነበር የቆረጥኩት። እኔ ግን ምኑንም ሳላውቅ ለባለሙያው ሁለት ቡና ጋበዝኩት። ሞቴን ጋብዤ!

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ዝናብ ጥሎ ወለሉ ረጥቧል። ግራ እጄ ክሮቹን እንደያዘ ለተቀባይ ድምጽ ወደ ማይክራፎኑ ጠጋ አልኩ። ከንፈሬ ብረቱን ሲነካ ነጭ ብልጭታ… ከዚያ ወለሉ ላይ ነኝ። ድራመራችን ወደ እኔ አልሮጠም፤ ወደ ሶኬቱ ሮጦ ነቀለው። ተመስገን! መጥቶ ቢያቅፈኝ ኖሮ ሁለት እንሆን ነበር።

ከንፈሬ ለአራት ቀን አበጠ። እሱ ቀላል ነው። ያንቀጠቀጠኝ ቀና ስል ያየሁት ነው። ከእኔ ቀጥሎ ማይኩን የምትይዘው ድምጻዊታችን የበሰበሰ ጫማዋን አውልቃ፣ በባዶ እግሯ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቆማ ተራዋን ትጠብቅ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። የጊታር ክሮች በብሪጁ ሥር ባለች ቀጭን ሽቦ፣ ከዚያም በኬብሉ በኩል ከአምፕሊፋየሩ የብረት አካል ጋር ይገናኛሉ። የእኔ አምፕ ትራንስፎርመሩ አርጅቶ ኮረንቲ ያሾልክ ኖሯል። ኧርዙ ሳይነካ የሾለከው ወደ መሬት ይሄድ ነበር፤ ስዘጋበት ክሮቹ ላይ መጥቶ ቁጭ አለ። ማይክራፎኑ ደግሞ በሚክሰሩ በኩል ከመሬት ጋር ተያይዟል። መሀል ላይ ድልድይ የሆነው ማን ነው? እኔ!

ዕድለኛ ነኝ። የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 ዌልስ ውስጥ መድረክ ላይ እንዳለ ኧርዝ የሌለው ማይክራፎን ነክቶ ሞቷል። የያርድበርድስ ድምጻዊ የነበረው ኪት ሬልፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 በገዛ ቤቱ፣ ኧርዙ በትክክል ባልተያያዘ ጊታር ሞተ። ሁለቱም እንደኔ ሙዚቃ ላይ ነበሩ።

ፕላስተሩን ልጬ ጣልኩና ሬድዮ ጠጋኙ ጋ ሄድኩ። ሰውዬው ጊታር ይዞ አያውቅም፤ ግን የሚጠይቀውን ያውቃል። መጀመሪያ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ማጉያ ላይ ሰካው። የሚጮኸው ግድግዳው ላይ ስለተሰካው ዕቃ ብቻ ቢሆን እዚህ ዝም ባለ ነበር። አላለም። ጊታሩን ይዤ እንድዞር አዘዘኝ፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ ስመልስ ቀነሰ፣ ወደ አምፖሉ ስዞር ጨመረ። «እንግዲያው አየር ላይ ያለውን የሚለቅመው ፒክአፑ ራሱ ነው» አለ። ክሩን ስነካ ቀነስ አለ፤ ይሄ ጤና ነው፣ የብሪጁ ሽቦ አለ ማለት ነው። (እናንተ ስትነኩት ከባሰበት የጃኩ ሁለት ሽቦዎች ተገላብጠው ሊሆን ይችላል።) በመልቲሜትር ከብሪጁ እስከ ጃኩ አካል ለካ፤ ዜሮ ገደማ፣ ደህና ነው። ፒክአፑንም ለካ፤ ቁጥሩ ደህና ነው።

እኔ ተስፋ ቆረጥኩ። እሱ «እስቲ ተጫወት» አለኝ። ተጫወትኩ። «ድምጹ እንደዚህ ቀጭን ነው እንዴ? የቆርቆሮ ክራር እኮ ነው የሚመስለው!»

እሷን ነበር መጠየቅ የነበረብኝ። ጩኸቱ ላይ አፍጥጬ ድምጹ መክሳቱን ረስቼው ነበር። ሥዕሉን አወጣሁለት። ሥዕሉ የሲሞር ደንከን ፒክአፕ ነው! በደንከን ጥቁሩ ሽቦ ወደ ውጤቱ ይሄዳል፣ ቀይና ነጭ አንድ ላይ ታስረው ይሸፈናሉ፣ አረንጓዴው ከራቁቱ ሽቦ ጋር ወደ ኧርዝ። በዲማርዚዮ ግን ወደ ውጤቱ የሚሄደው ቀዩ ነው፤ የሚታሰሩት ጥቁርና ነጭ ናቸው። እኔ በደንከን ሥዕል ዲማርዚዮ ስበይድ ከሁለቱ ጥቅሎች አንዱን ገልብጬዋለሁ። ስለዚህ የሴዝ ላቨር መላ እንዳለ ተገለበጠ፤ የክሩ ድምጽ እርስ በርሱ እየተጠፋፋ፣ ረብሻው እየተደመረ! መልቲሜትር ደግሞ ይህን አይለይም፤ ጥቅሉ ተገለበጠም አልተገለበጠም ቁጥሩ ያው ነው።

ሁለት ሽቦ ፈቶ መልሶ ለመበየድ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ዝም አለ። ብየዳ ቤቱ ሲሠራ ብቻ ትንሽ ጭጭ ይላል፤ እሱን ለምጀዋለሁ።

የቀለበቱንም ነገር ነገረኝ። ኧርዝ መዝጋት ሳይሆን፣ ኧርዝ ያለው ማከፋፈያ ገዝቶ ሚክሰሩንም አምፑንም ከአንድ ቦታ መሰካት ነው። ትራንስፎርመሩን ቀየረልኝ። የልምምድ ክፍላችን ባለቤት ደግሞ ኤሌክትሪሺያን አምጥተው ኧርዙን አስፈተሹ፣ ኮረንቲ ሲያመልጥ በቅጽበት የሚቆርጥ ማቋረጫም አስገጠሙ። ኪራዩ ላይ ግን ጨመሩብን!

ፕላስተሩን ያዘዘልኝ ባለሙያ አሁንም ሰርግ ቤት ሳውንድ ያስራል። ከንፈሬን አሳይቼ ነገርኩት። «እኔ ሃያ ዓመት ጠቅልያለሁ፣ አንድም ቀን አልነዘረኝም» ብሎ ሳቀብኝ። የሚዘፍነው እሱ አይደለማ!

ድምጻዊታችን ግን አሁንም ማይክ ከመያዟ በፊት የእኔን ሶኬት መጥታ ታያለች። ጫማዋንም አታወልቅም።