የሟች ስልክና የወራሽነት ሕግ

በአራዳ ሰፈሮች ሰው ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ገና ጎሕ ሳይቀድ ስሙን እያሰማ ይዞር፣ ከሠልስቱም በኋላ የቤተ ዘመዱ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሟቹን ሣጥን ያስከፍቱና የቤቱን ካርታ፣ የባንኩን ደብተር፣ የውሉንና የብድሩን ወረቀት አንድ በአንድ እየቆጠሩ ለወራሾቹ ያስረክቡ ነበር። ዛሬ ከሣጥኑ ይልቅ ወራሽን የሚያስጨንቀው ከትራስጌ የተገኘው ስልክ ነው፤ ሟቹ ያጠራቀመው ገንዘብ፣ የተጻጻፈው ደብዳቤ፣ ያነሣው ፎቶግራፍ ሁሉ በውስጡ ሳለ የሚስጥር ቁጥሩ ከባለቤቱ ጋር ተቀብሯልና።

ለፒያሳ ሰው ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የዐፄ ምኒልክ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን፣ ልጆቹና ሌሎች ባለሙያዎች የፎቶግራፍን ጥበብ በከተማው ካስለመዱ ወዲህ፣ የሠርጉና የክርስትናው ሥዕል በመስታወት ገብቶ ከግድግዳ ይሰቀል ስለ ነበር ቤቱን የወረሰ ሥዕሉንም ይወርስ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱና ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ሲበተን ግን ግድግዳው ራሱ ጠፋ፤ ከሥዕሉ ብዙው በስልክ ውስጥ፣ ከጎረቤት ጨዋታም ብዙው በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ቀረ።

ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው፣ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ለዘመናት በፍትሐ ነገሥት ተይዞ የነበረውን ወንበር ሲረከብ እንዲህ ያለውን ሀብት ሊያስብ አይችልም ነበር፤ ሆኖም በአንቀጽ 826 ያኖረው መሠረት ሰፊ ነው፦ በሞት ከሚቋረጡት በቀር የሟቹ መብትና ግዴታ ወደ ወራሾቹ ይተላለፋል። እንግዲህ የሚቀረው ጥያቄ በስልኩ ካለው ሁሉ የትኛው ይተላለፋል፣ የትኛውስ ይቋረጣል የሚለው ነው።

ገንዘቡ አያከራክርም። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. የጀመረው ቴሌብርም ሆነ የባንኮቹ የስልክ አገልግሎት የያዘው ገንዘብ የውርስ ሀብት ስለ ሆነ፣ ወራሹ የሞት ምስክር ወረቀትና የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይዞ ይጠይቀዋል። መንገዱ ረጅም ነውና የሚያሳጥረው ቤተሰብ ብዙ ነው፤ የሚስጥር ቁጥሩን የሚያውቀው ልጅ ለድንኳኑና ለንፍሮው እያለ ያወጣል፤ ክፋት ባያስብም ከወንድምና ከእኅት ድርሻ እያነሣ መሆኑን፣ አባቱ በሕይወት ሳለ የሰጠው ውክልናም በሞቱ እንደ ቀረ ልብ አይልም። ከዚህ የከፋው ስሕተት ግን ሲም ካርዱን ማዘጋት ወይም ለሌላ ሰው መስጠት ነው፤ ቴሌግራሙም ጂሜይሉም ባንኩም ማረጋገጫ የሚልኩት ወደዚያው ቁጥር ስለ ሆነ ቁጥሩ ሲጠፋ መግቢያው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ቴሌግራምማ ባለቤቱ ለተወሰነ ጊዜ ካልገባበት አካውንቱን ከነመልእክቱ ራሱ ይደመስሰዋል።

የድርሰትና የዜማ ነገርም ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ የኢኮኖሚ መብት ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ስለሚቆይ፣ የአባቱን ዜማ በዩቲዩብ የሚያገኝ ልጅ የይለፍ ቃሉን ባያውቅም መብቱን ወርሷል።

ጭንቁ ያለው በደብዳቤው ነው። በ2010 ዓ.ም. የጀርመን የበላይ ፍርድ ቤት፣ በ15 ዓመቷ በበርሊን በባቡር አደጋ የሞተች ልጅ ወላጆች የፌስቡክ አካውንቷን ከነመልእክቱ እንደሚወርሱ ፈረደ፤ የወረቀት ደብዳቤና ማስታወሻ ለወራሽ የሚያልፍ ከሆነ ይህ የማያልፍበት ምክንያት የለም በማለት። ፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ፣ ሰው በሕይወቱ ሳለ ስለ መረጃው ትእዛዝ ትቶ እንዲያልፍ ፈቀደች። እኔ ወደ ፈረንሳዩ አደላለሁ፤ ደብዳቤ የሁለት ሰው ነውና፣ ሟቹ ዝም ቢልም በዐጸደ ሥጋ ያለው ተጻጻፊ ምሥጢሩን ለሟቹ እንጂ ለልጁ አላደራም፤ ለነፍስ አባት የተነገረ ኃጢአትም በውርስ አይተላለፍም። ደግሞም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጃችን፣ ቁጥር 958/2008፣ ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ስለሚቀጣ፣ የይለፍ ቃል እየገመተ የሚሞክር ሐዘንተኛ ቢጠነቀቅ ይሻለዋል።

ኩባንያዎቹ በበኩላቸው የየራሳቸውን ሥርዓት ሠርተዋል። ጎግል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ፣ ባለቤቱ ለወራት ቢጠፋ መረጃውን የሚቀበሉ እስከ 10 ሰዎች እንዲሰይም ያስችላል፤ ሁለት ዓመት ያልተከፈተውን ግን ሊያጠፋ ይችላል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2015 ባስጀመረው ሥርዓት የሚሰየመው ተጠሪ የሟቹን ገጽ ይጠብቃል እንጂ መልእክቱን አያነብም። አፕልም እ.ኤ.አ. በ2021 በጀመረው ሥርዓት ተጠሪው የተሰጠውን ቁልፍና የሞት ምስክር ወረቀት እንዲያቀርብ ይጠይቃል። በእኛ ዘንድ እዚህ ላይ አንድ ጣጣ አለ፦ ገጹ «የአራዳ ልጅ» በሚል የቁልምጫ ስም ተከፍቶ ወረቀቱ በመዝገብ ስም ይመጣል፣ ወይም የልደቱ ዘመን በእኛ አቆጣጠር ተሞልቶ ከሰባት እስከ ስምንት ዓመት ይለያያል፤ ይህን ለባሕር ማዶ ጸሐፊ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

በቴሌግራም የተላከ የድምፅ መልእክት ኑዛዜ ይመስላቸው የነበሩ አሉ። ሕጉ ግን በአራት ምስክሮች ፊት የሚነበበውን፣ ተናዛዡ ሙሉ በሙሉ በእጁ የጻፈውን፣ በቃልም ለሁለት ምስክሮች የሚነገረውን ብቻ ያውቃል፤ የቃሉም ቢሆን ከቀብር ሥርዓት፣ ከልጆች ሞግዚትና አሳዳሪ፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ከማይበልጥ ስጦታ አያልፍም። ስለዚህ ለዚህ ጉዳይ የሚመቸው የእጅ ጽሑፉ ነው። በእርሱ የትኛው አካውንት ለማን እንደሚሰጥ፣ የትኛውም ሳይነበብ እንዲጠፋ ይጻፋል፤ ኑዛዜ በወራሾች ፊት የሚነበብ ነውና የሚስጥር ቁጥሮቹ ግን በተለየ ፖስታ ለታመነ ሰው ይቀመጣሉ። ኑዛዜውም በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ ለውል አዋዋይ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተሰጠ ይፈርሳል።