በደቦና በጋራ እርሻ መካከል

አናርኪዝም ሰዎች ያለ ገዥ፣ በስምምነት ብቻ ይተዳደሩ የሚል ሐሳብ ነው። በአገራችን ወደዚህ ጥቂት የሚቀርብ ሙከራ በ1967 ዓ.ም. ታይቶ ነበር።

ቢታ ገነት በምትገኝበት በከፋ፣ እንደ ሌላውም ደቡብ፣ ጭሰኛው ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬት ይሰጥ ነበር። በዚያ ዓመት የካቲት 25 ቀን የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ግን ጭሰኝነትን ሻረ፤ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ፈቀደ፤ የገበሬ ማኅበርም የራሱ ዳኞች እንዲኖሩት አደረገ። በዕድገት በኅብረት ዘመቻ በመላ አገሪቱ ከተሰማሩት 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን አንዳንዶቹ ከአዋጁ አልፈው፣ መሬቱ በጋራ ይታረስ፣ ገበሬውም ይታጠቅ ብለው ተነሡ። በክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ በጅማ ከፖሊስ ጋር እስከ መጋጨት ተደረሰ።

ሙከራው ስለ ምን አልዘለቀም? ደርግ ሥልጣኑን ሊያጋራ አልወደደም፤ በኋላም «አናርኪስት» የሚለውን ቃል ለተቃዋሚዎቹ መወንጀያ አደረገው። እኛ ግን ሌላም ምክንያት ይታየናል። ገበሬው ደቦን ጠንቅቆ ያውቃል፤ በደቦ የታረሰ ማሳ ግን ባለቤት አለው። ትናንት ከጭሰኝነት የወጣውን ሰው ዛሬ ማሳህን ከጎረቤትህ ጋር ቀላቅል ቢሉት፣ መሬቱ ዳግመኛ ከእጁ የወጣ ይመስለዋል። ስለዚህ ጉልበትን ማስተባበርና መሬትን ማዋሐድ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማስተዋል ይገባናል።