ለባለቤት ቀይ ወይን ሲመረጥ

የቀይ ወይን ቀለም የሚመጣው ከፍሬው ልጣጭ ነው። ከጥቂት ዝርያዎች በቀር ጥቁርም ሆነ ቀይ የወይን ፍሬ ሲጨመቅ የሚወጣው ጭማቂ ነጣ ያለ ነው፤ የሚቀላው ከተሰበረው ልጣጭና ከዘሩ ጋር አብሮ ሲብላላ ነው። እርሾው የፍሬውን ስኳር ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለውጥ፣ አልኮሉና ሙቀቱ አንቶሲያኒን የተባለውን ማቅለሚያና ታኒን የተባሉትን ውህዶች ከልጣጩ ስበው ያወጣሉ። ቀይ ወይን አፍ የማድረቅና ምላስ ላይ የመክበድ ባሕርይ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ለባለቤቱ ስጦታ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ እሱ የሚወደው ወይን ሚስቱን ሊያስመርራት፣ እሷ የምትመርጠው ደግሞ ለእሱ ውሃ ሊሆንበት ይችላል።

ታኒን በዋናነት የሚታወቀው በጣዕሙ ሳይሆን አፍ ላይ በሚፈጥረው ስሜት ነው። በምራቅ ውስጥ አፍን የሚያለሰልሱ ፕሮቲኖች አሉ። ታኒን ከእነሱ ጋር ሲጣበቅ ልስላሴው ይጠፋና ምላስ፣ ድድና ጉንጭ ሻካራ ይሆናሉ። ቅጠሉ ሳይወጣለት ረጅም ጊዜ የቆየ ሻይ አፍ ላይ የሚተወው ድርቀትም መንስኤው ይኸው ነው። ስለዚህ የተቀባዩን ምርጫ ለመገመት ቤት ውስጥ ማስተዋል ይረዳል። ወፍራም ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጣ፣ ጌሾው በርታ ያለ ደረቅ ጠጅ የሚመርጥ ሰው ታኒኑ የበዛ ወይን ብዙም አያስቸግረውም። ብርዝ ወይም ለስለስ ያለ ጠጅ የሚወድ ግን በዚያው ወይን ፊቱን ማጨማደዱ አይቀርም። ይህ ሕግ አይደለም፤ ሆኖም ሱቅ ውስጥ ከተለጠፈው ዋጋ የተሻለ መሪ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው የፍሬው ዝርያ ነው። ካበርኔ ሶቪኞን ፍሬው ትንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም በመሆኑ ከፈሳሹ አንጻር ብዙ ልጣጭና ዘር ይደርሰዋል፤ ወይኑም ጠቆር ያለና ታኒኑ የበረታ ይሆናል። የዚህ ዝነኛ ዝርያ ወላጆች ካበርኔ ፍራንና ሶቪኞን ብላን መሆናቸው በዘረመል ምርመራ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የጥቁሩ ፍሬ አንዱ ወላጅ የነጭ ወይን ዝርያ ሆኖ መገኘቱ በጊዜው ብዙዎችን አስገርሟል። ሜርሎ ከካበርኔ ይልቅ ይለሰልሳል። ፒኖ ኗር ልጣጩ ስስ በመሆኑ ቀለሙ ፈዘዝ፣ ታኒኑ ቀነስ ይላል፤ ከቀይ ወይን ጋር ገና ለሚተዋወቅ ሰው የሚስማማ ነው። ሲራህ ደግሞ የራሱ ምልክት አለው። ብዙ ጊዜ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይሸታል፤ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳስታወቁት ይህን ሽታ የሚሰጠው ሮታንዶን የተባለው ውህድ በቁንዶ በርበሬ ውስጥም የሚገኝ ነው። ቅመም ወዳድ ለሆነች ሚስት ወይም ለቅመም ወዳድ ባል ከሲራህ የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል።

በጠርሙሱ ላይ ካሉት ቁጥሮች ብዙ የሚናገረው የአልኮሉ መጠን ነው። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ያለ 17 ግራም ያህል ስኳር ሲብላላ ወደ 1 በመቶ አልኮል ይሰጣል። ፀሐይ የበዛበት ፍሬ ስኳሩ ስለሚበዛ ወይኑም ይከብዳል። 12 ወይም 12.5 በመቶ የሚል ጽሑፍ ቀለል ያለ ወይን እንደሚጠብቅ ይጠቁማል፤ 14.5 በመቶ የሚለው ደግሞ ሞላ ያለና ጉሮሮ የሚያሞቅ ነው። ደረቅ ወይም ድራይ የተባለው ስኳሩ ከሞላ ጎደል ተብላልቶ ያለቀ ነው፤ በአውሮፓ ደንብ በአጠቃላይ በሊትር ከ4 ግራም አይበልጥም። በኢትዮጵያ ገበያ ለዚህ ቅርብ ምሳሌ አለ፦ ጉደር ደረቅ፣ አክሱማይት ጣፋጭ ነው። ሁለቱን የሚያውቅ ሰው ባለቤቱ ከሁለቱ የትኛውን እንደምትመርጥ ካስታወሰ ስለማንኛውም የውጭ አገር ጠርሙስ ግማሹን መልስ ይዟል።

ዝርያን ከዝርያ ለማነጻጸር የዝዋዩ እርሻ ጥሩ ዕድል ይሰጣል። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በዝዋይ አካባቢ ያለማው የወይን እርሻ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያዎቹን ወይኖች ለገበያ ያቀረበ ሲሆን፣ ሪፍት ቫሊ በሚል ስም ሜርሎ፣ ሲራህና ካበርኔ ሶቪኞን ለየብቻ አዘጋጅቶ ይሸጣል። ቦታው ከምድር ወገብ ብዙም አይርቅም፤ ወይን በአውሮፓ ክረምት የሚያገኘውን የብርድ እንቅልፍ እዚያ አያገኝም። በእንዲህ ያለ አየር የተክሉን የዕረፍትና የፍሬ ጊዜ በአብዛኛው የሚወስነው የገበሬው መቁረጫ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ያለው ከፍታ ደግሞ ሌሊቱን ስለሚያቀዘቅዘው ፍሬው አሲዱን ቶሎ አያጣም። ሦስቱን ጠርሙስ አንድ ላይ ማበርከት፣ ባለቤት የትኛውን ዝርያ እንደሚወድ በአንድ ምሽት ለማወቅ ያስችላል፤ በዋጋም ቢሆን ከአንድ ውድ የውጭ ጠርሙስ የሚሻል ስጦታ ነው።

ለጋብቻ መታሰቢያ ብዙዎች የሠርጉን ዓመት የያዘ ጠርሙስ ይፈልጋሉ። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንደኛው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። በጠርሙሱ ላይ ያለው ዓመት ፍሬው የተለቀመበት፣ ያውም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በጥር 2010 የተጋቡ ባልና ሚስት መፈለግ ያለባቸው 2018 የሚለውን ነው። ያን ዓመት የያዘው የፈረንሳይ ወይን ፍሬው የተለቀመው ከሠርጉ ወራት በኋላ፣ በመስከረም ገደማ ነው፤ የደቡብ አፍሪካው ግን ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ስለሚለቀም ከሠርጉ ጋር ይገጥማል። በጥቅምት 2010 ለተጋቡት ደግሞ 2017 የሚለው የአውሮፓ ወይን ይስማማቸዋል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የወይኑ ዕድሜ ነው። ወይን በቆየ ቁጥር ይጥማል የሚለው ለጥቂቶቹ ብቻ የሚሠራ አባባል ነው፤ አብዛኛው ቀይ ወይን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተዘጋጀ ነው። የሚቆየው ታኒኑም አሲዱም የበረታው ነው። በጠርሙስ ውስጥ ታኒንና ማቅለሚያው ቀስ በቀስ እየተያያዙ ይተልቃሉ፤ ሻካራነቱ ይለዝባል፣ ቀለሙ ወደ ሸክላ ያደላል፣ ከፊሉም እንደ አተላ ከታች ይዘቅጣል። ከአሥር ዓመት በፊት የተለቀመ ወይን የሚፈልግ ሰው ጥሩ ቦርዶን፣ የጣሊያኑን ባሮሎ ወይም የስፔኑን ሪዮሃ ግራን ሬዘርቫ ቢያይ ያዋጣዋል። በሪዮሃ ግራን ሬዘርቫ የሚለው ስም ቀዩ ወይን ከመሸጡ በፊት ቢያንስ አምስት ዓመት፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ ሁለቱን በኦክ በርሜል ያሳለፈ መሆኑን በሕግ ያረጋግጣል።

ዋጋን በተመለከተ ሳይንሱ የሚለው ነገር ለስጦታ ሰጪ ትልቅ ትምህርት አለው። በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች የመሩት እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ተሳታፊዎችን አንድ ዓይነት ወይን አንድ ጊዜ የ10 ዶላር፣ ሌላ ጊዜ የ90 ዶላር ነው እያለ አስቀመሳቸው። ውድ ነው የተባለው የበለጠ እንደጣማቸው ተናገሩ፤ የአንጎል ምስላቸውም ደስታን ከመመዘን ጋር የተያያዘው ክፍል ይበልጥ መንቃቱን አሳየ። በቦርዶ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የወይን ሙያ ተማሪዎች ሽታ በሌለው ማቅለሚያ የቀላ ነጭ ወይን ቀርቦላቸው በቀይ ወይን ቃላት ገልጸውታል። ሰው የሚቀምሰው በምላሱ ብቻ ሳይሆን በሚጠብቀውም ነገር ነው ማለት ነው። ይህ ለማታለል ሰበብ አይሆንም። ሆኖም ከጠርሙሱ ጋር ይህ ወይን ለምን እንደተመረጠ የሚገልጹ ሁለት እውነተኛ መስመሮች መጻፍ በዋጋው ላይ ሌላ እጥፍ ከመጨመር የበለጠ ጣዕም ሊሰጠው ይችላል።

ወይኑ ከምን ምግብ ጋር እንደሚቀርብም ቀድሞ መታሰብ አለበት። በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን የሚነካው ሙቀትን የሚያውቁትን የአፍ ተቀባዮች ነው፤ አልኮልም እነዚያኑ ይቀሰቅሳል። ከዶሮ ወጥ ጋር የቀረበ 14.5 በመቶ ወይን ወጡን የበለጠ የሚያቃጥል፣ ራሱንም የሚያስመርር ያደርገዋል። ከወጥ ጋር አልኮሉ ቀለል ያለ፣ ታኒኑ የለዘበ፣ ቢቻል ትንሽ ጣፋጭነት ያለው ይመረጣል። ሥጋው በዛ፣ በርበሬው ቀነስ ላለ ጥብስ ግን ታኒን የበዛበት ካበርኔ ይስማማል፤ ታኒኑ ከምራቅ ይልቅ ከሥጋው ፕሮቲን ጋር ስለሚያያዝ አፍ ላይ ይለሰልሳል።

ጠርሙሱ ራሱ ከመገዛቱ በፊት በእጅ ተይዞ ቢታይ ጥሩ ነው። ፀሐይ በሚመታው መስታወት አጠገብ ወይም በሞቃት መጋዘን የቆየ ወይን ይበላሻል። ሙቀት ፈሳሹን ስለሚያሰፋው ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ ከፍ ብሎ ይታያል፣ አንገቱ ላይ የደረቀ የሚያጣብቅ ፍሳሽ ይኖራል፣ የወይኑም ልክ ይጎድላል። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሌላ ጠርሙስ መጠየቅ ይገባል። የጠርሙሱ ክዳን የሚጠመዘዝ መሆኑ ግን የርካሽነት ምልክት አይደለም፤ እንዲያውም ከቡሽ ከሚመጣ አንድ ችግር ይጠብቃል። ቲሲኤ የተባለው ውህድ በቡሽ በኩል ሲገባ፣ በሊትር ጥቂት የናኖግራም መጠን ብቻ ሆኖ እንኳ፣ ወይኑን እርጥብ ካርቶን እንዲሸት ያደርገዋል። እንዲህ የሸተተን ወይን ማናፈስ አያድነውም፤ ጥሩ ሱቅ ይለውጠዋል።

ስጦታው ከመሰጠቱ በፊት የተቀባዩ ጤና መታሰቡ ግድ ነው። ነፍሰ ጡር ሚስት አልኮል እንዳትጠጣ ይመከራል፤ እንደ ሜትሮኒዳዞል ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ሕክምናውን ጨርሶ የሐኪሙን ምክር እስኪሰማ ጠርሙሱ ሳይከፈት ሊጠብቀው ይችላል። ለማቆየት 12 ወይም 13 ዲግሪ አካባቢ ያለ ጨለማ ቦታ ተስማሚ ነው፤ ቡሽ ያለው ጠርሙስ ቡሹ እንዳይደርቅ ይጋደማል።

ቀይ ወይን የሚቀርበው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ሞቃት ከሆነ አልኮሉ አፍንጫ ላይ ይጎላል፣ በጣም ከቀዘቀዘ ደግሞ ታኒኑ ይሻክራል፤ በሞቃት ቤት ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃዋል። አተላ የዘቀጠበት ያረጀ ወይን አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቆሞ ይቆይና ሳይነቃነቅ በቀስታ ይቀዳል። የተረፈው ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ሲቀመጥ አየርና ባክቴሪያ ወደ ሆምጣጤ የሚወስዱት ጉዞ ስለሚዘገይ፣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ያህል ይጠጣል።