ላፕቶፕ ከእንቅልፉ ሲነቃ ማን ምን ይሠራል?

በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የአባ ሳሙኤል የኤሌክትሪክ ኃይል ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራ አቆመ። ዳግም ኃይል መስጠት የጀመረው በ2016 ነው፤ ያውም ተጠግኖና ታድሶ። ማሽንን ማቆም ቀላል ነው፤ ካቆመበት ማስቀጠል ግን ራሱን የቻለ ሥራ ይጠይቃል። ላፕቶፕም እንዲሁ ነው።

ዛሬ በቃሊቲ መጋዘኖችና ፋብሪካዎች ያለ የሒሳብ ሠራተኛ መብራት ሲሄድ ባትሪ ለመቆጠብ የላፕቶፑን ክዳን ይዘጋል። ሲከፍተው ጀምሮ የተወው ሠንጠረዥ እንዳለ ይጠብቀዋል። ከዚህ ጀርባ ድራይቨር የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ። እያንዳንዱ ድራይቨር አንድን ዕቃ፣ ዋይፋይ ካርዱን ወይም ስክሪኑን፣ ያዛል።

በተለመደው እንቅልፍ ሚሞሪው ብቻ ትንሽ ኃይል እያገኘ ይቆያል፤ ሌላው በአብዛኛው ይጠፋል። ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ኤሲፒአይ በተባለው ደንብ ይህ ደረጃ ኤስ 3 ይባላል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ድራይቨሩ ሚሞሪ ውስጥ ስላለ ሁሉንም ያስታውሳል፤ ኃይል የተቋረጠበት ካርድ ግን የተሰጠውን ትእዛዝ በሙሉ ይረሳል። ሲነቁ አንዱ ሥራው እንደቀጠለ ያስባል፣ ሌላው ገና ሥራ እንዳልጀመረ ሆኖ ይገኛል። እነዚህን ሁለቱን ማስማማት የድራይቨሩ ኃላፊነት ነው።

የሊኑክስን አሠራር እንይ። በመጀመሪያ ተጠቃሚው የከፈታቸው ፕሮግራሞች ባሉበት እንዲቆሙ ይደረጋል። ከዚያ ዕቃዎቹ በተራ ይተኛሉ፤ ለምሳሌ ፍላሽ የተሰካበት መቆጣጠሪያ ከፍላሹ ቀድሞ አይተኛም፤ ከተኛ ፍላሹን የሚያናግረው አይኖርም። ሲነቁ ተራው ይገለበጣል።

የመተኛት ትእዛዝ የደረሰው ድራይቨር አዲስ ሥራ መቀበል ያቆማል፤ የተጀመረውንም ይጨርሳል ወይም ይሰርዛል። ዕቃው በራሱ ወደ ሚሞሪ መጻፍ የሚችል ከሆነ ይህን ያስቆመዋል፤ አለዚያ የሌላ ፕሮግራም መረጃ ሊበላሽ ይችላል። የዕቃውን ቅንብር መዝግቦ ያስቀምጣል። እንደ ኪቦርድ ማሽኑን የሚቀሰቅስ ከሆነም ለዚያ ያዘጋጀዋል። በመጨረሻ የዕቃውን ኃይል ይቀንሳል ወይም ያጠፋል።

የመተኛቱ የመጨረሻ ምዕራፍ የሚካሄደው ድራይቨሮቹ የዕቃዎቹን ጥሪ፣ ማለትም ኢንተራፕትን፣ መስማት ካቆሙ በኋላ ነው። ምክንያቱም አንዳንድ ዕቃዎች የጥሪ መስመር ይጋራሉ። የጎረቤቱ ጥሪ የተኛውን ዕቃ ድራይቨር ከቀሰቀሰው፣ ድራይቨሩ ኃይል የሌለውን ካርድ ያነብባል። የሚያገኘውም ብዙውን ጊዜ ሁሉም ቢት 1 የሆነ ትርጉም የለሽ ቁጥር ነው፤ ያንን እውነት ብሎ ከተቀበለ ሥርዓቱ ሊናጋ ይችላል። አንድ ድራይቨር እንኳን መተኛት አልችልም ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጠቅላላው ሂደት ይሰረዝና የተኙት ይመለሳሉ።

በመንቃት ጊዜ ድራይቨሩ ኃይል ይመልሳል፣ የመዘገበውን ቅንብር መልሶ ይጽፋል፣ ካርዱ ፈርምዌር የሚባለውን የራሱን ፕሮግራም ከፈለገም እንደገና ይጭንለታል። ዕቃው አሁንም መኖሩን ማረጋገጥም አለበት፤ ማሽኑ ተኝቶ ሳለ ፍላሹን የነቀለ ሰው ሊኖር ይችላል።

ክዳኑ ሲከፈት ዋይፋይ ጠፍቶ ከተገኘ፣ ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ችግሩን የሚፈታው ለዚህ ነው። ማሽኑ እንደ አዲስ ሲነሣ ድራይቨሩ ካርዱን ከዜሮ ያዘጋጃል፤ ስለ ቀድሞ ሁኔታው የሚገምተው ነገር የለም። ከእንቅልፍ ሲነቃ ግን የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ አንዲት ቅንብር ከተዘለለች ካርዱ ዝም ይላል። ስለዚህ ችግሩ ከተደጋገመ ካርድ ለመቀየር ከመሮጥ በፊት ድራይቨሩን ማዘመን ይሻላል። መብራት ሳይመጣ ለረጅም ሰዓት የሚቆይ ከመሰለም ሥራን ሴቭ አድርጎ ሃይበርኔት ማድረግ ይመረጣል፤ ያን ጊዜ የሚሞሪው ይዘት ዲስክ ላይ ስለሚጻፍ ባትሪው ቢያልቅም አይጠፋም።