ለሁለት የተሸከሙት ዝምታ

የትዳር ጓደኛችሁ በሺህ ሰው ፊት ሲሰደብ ብትሰሙ፣ እርሱም መልስ ላለመስጠት ቃል የገባ ቢሆን፣ እናንተ ምን ታደርጉ ነበር? ራሔል ሮቢንሰን በ1947 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከሜዳው ዳር ተቀምጣ ይህን አይታለች።

ባሏ ጃኪ፣ ብሩክሊን ዶጀርስ ለተባለው የኒው ዮርክ ቡድን ቤዝቦል ይጫወት ነበር። በአሜሪካ ትልልቆቹ የቤዝቦል ሊጎች ከስልሳ ዓመት በላይ ጥቁር ተጫዋች አላስገቡም፤ በጽሑፍ የተቀመጠ ሕግ ሳይኖር ሁሉም በሩን ዘግቶ ነበር። የክለቡ ፕሬዚዳንት ብራንች ሪኪ በነሐሴ 1945 ጃኪን ቢሮው ጠርቶ ሊደርስበት የሚችለውን ስድብ አንድ በአንድ እየተወነ አሳየው። ከዚያም የፓፒኒን «የክርስቶስ ሕይወት» አውጥቶ ሌላውን ጉንጭ ስለ ማዞር የተጻፈውን አነበበለት። ሦስት ዓመት ላትመልስ ትችላለህ? አለው። ጃኪም ተስማማ።

ሪኪ ለእናቱ በገባው ቃል ምክንያት እሑድ ስታዲየም የማይገባ ሜቶዲስት ነበር። ቡድኑ ግን እሑድ ይጫወታል፣ ገቢውም ይሰበሰባል። ጥቁር ተጫዋች ያስገባውም ለጽድቅ ብቻ አልነበረም፤ ማሸነፍም ይፈልግ ነበር። ይህን መሸፈን አያስፈልገንም።

ቃሉን የሰጠው ጃኪ ነው፤ ዕዳው ግን የሁለቱ ሆነ። ራሔልና ጃኪ በየካቲት 1946 ተጋቡ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ልጅ ወለዱ። ጃኪ ሚያዝያ 15 ቀን 1947 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍ እናት ሕፃኑን ታቅፋ ከተመልካቹ መካከል ነበረች። መኖሪያቸው በመጀመሪያ አንድ የሆቴል ክፍል፣ በኋላም ከሌላ ሰው ጋር የተጋሩት ቤት ነበር። እስቲ አስቡት፤ ቀን ሜዳ ላይ ዝም ያለ ሰው ማታ የሚገባው ወደዚያች ጠባብ ክፍል ነው። ቁጣውን ሚስቱ ላይ ቢያወርደው ማን ይፈርድበት ነበር?

ከሳምንት በኋላ የፊላደልፊያ ቡድን መጣ። አሰልጣኙ ቤን ቻፕማንና ተጫዋቾቹ ጃኪን በዘሩ እየጠሩ ሰደቡት። ከደረሰበት ሁሉ ያ ቀን ሊሰብረው እጅግ እንደ ተቃረበ ጃኪ ራሱ በኋላ ጽፏል። በሦስተኛው ቀን ግን ከቡድን ጓደኞቹ አንዱ፣ ኤዲ ስታንኪ የተባለው ነጭ ተጫዋች፣ መልስ መስጠት የሚችል ሰው ስደቡ ብሎ ጮኸባቸው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከዶጀርስ ተጫዋቾች አንዳንዶቹ ከጥቁር ጋር አንጫወትም ብለው ፊርማ ለማሰባሰብ ሞክረው ነበር። ታዲያ በዚያ ቡድን ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር ነው?

በዚያ ዓመት ኳስ ወርዋሪዎች ጃኪን ዘጠኝ ጊዜ በኳስ መቱት። እርሱ ደግሞ 151 ጨዋታ ተሰልፎ 29 ጊዜ ቤዝ ሰረቀ፤ ማለትም ተቃራኒው እያየ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሚቀጥለው ሮጦ ደረሰ። በሊጉ የሚበልጠው አልነበረም። የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ዶጀርስ 94 ጨዋታ አሸንፎ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ፤ በመጨረሻው ፍልሚያ ግን በሰባተኛው ጨዋታ በያንኪስ ተሸነፈ።

በ1949 ሪኪ ጃኪን ከቃሉ ፈታው። ከዚያ ወዲህ ጃኪ ይመልስ፣ ከዳኛም ጋር ይከራከር ነበር፤ በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። ራሔል ከጋብቻዋ በፊት በነርስነት ተመርቃ ነበር። ልጆቿ ካደጉ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ተመልሳ በአእምሮ ሕሙማን ነርስነት ማስተርሷን ያዘች፤ በዬል ዩኒቨርሲቲም አስተማረች።